ስፕሪስ በምን ይቆማል?

ወልቂጤ በጅማ መንገድ፣ ቡታጅራ በሆሳዕና መንገድ ላይ ያሉ የጉራጌ ከተሞች ናቸው። አንዷ ከአዲስ አበባ በደቡብ ምዕራብ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ሌላዋ በደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በየትኛዋም ቢሆን ጁስ ቤት ገብቶ «ስፕሪስ» ያለ ሰው የሚመጣለትን ያውቃል፦ ረዘም ያለ ብርጭቆ፣ ከታች አረንጓዴ አቮካዶ፣ ከመሃል ቢጫ ማንጎ፣ ከላይ ቀላ ያለ ፓፓያ፣ አጠገቡ የተቆረጠ ሎሚና ረጅም ማንኪያ። ሦስቱ ቀለሞች በቢላ የተቆረጡ ይመስል ድንበራቸውን ጠብቀው ይቀመጣሉ። ይህንኑ ቤቱ ሊሠራ የተነሣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው አንድ ብርጭቆ ድፍርስ ነው፤ አረንጓዴውም ቢጫውም ጠፍቶ የጭቃ መልክ ይይዛል። ፍሬው ያው ነው፣ መፍጫውም ያው ነው። ታዲያ ልዩነቱ ከየት መጣ? በብዙ ሰው አፍ ያለው መልስ «ከባዱ ከታች፣ ቀላሉ ከላይ» የሚል ነው። ይህ መልስ ለሌላ መጠጥ ልክ ነው፣ ለፍራፍሬው ስፕሪስ ግን አይሠራም። የፍራፍሬ ስፕሪስ የሚቆመው በክብደት ሳይሆን በውፍረት ነው። ነገሩ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል፤ የቤት ሙከራ የሚበላሸው በአመዛኙ እዚሁ ላይ ነው።

በመጀመሪያ የክብደቱ መልስ የሚሠራበትን ቦታ እንይ፤ እሱም በዚያው ስም ይጠራል። ቡናና ሻይ በአንድ ብርጭቆ ሲቀርብም «ስፕሪስ» ይባላል። ሻዩ ከታች፣ ቡናው ከላይ ሆኖ፣ መሃላቸው ላይ ጠርዙ ጥርት ብሎ ይታያል። ሁለቱም ቀጭን፣ ሁለቱም እንደ ውሃ የሚፈሱ ናቸው። ታዲያ የሚለያያቸው ስኳር ነው። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 1 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ከመቶ አሥር እጁ ስኳር የሆነ ውሃ ግን በሊትር 1.04 ኪሎ አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ በእጅ ሲያዝ ምንም አይመስልም፤ ቡናው በማንኪያ ጀርባ ላይ ቀስ ብሎ ሲወርድ ከሻዩ በላይ እንዲንሳፈፍ ግን በቂ ነው። ማስረጃው ቀላል ነው። ሻዩ ላይ ስኳር ሳይጨመር ያንኑ ቢሞክሩት ድንበሩ አይቆምም፣ ወዲያው ይዋሐዳል። ስለዚህ የቡናና ሻዩ ስፕሪስ በእርግጥ የክብደት ሥራ ነው።

አሁን ይህንኑ ሕግ ወደ ፍራፍሬው እንውሰደው። የአቮካዶ ሥጋ ከመቶ 15 እጁ ያህል ቅባት ነው፤ ዘይቱ ደግሞ ከውሃ ይቀላል፣ በሊትር 0.92 ኪሎ አካባቢ ይመዝናል። የበሰለ ማንጎ በአንጻሩ ቅባት የለውም ማለት ይቻላል፤ ከመቶ 14 እጅ ገደማ ስኳር አለው። በክብደት ሕግ ከሄድን ማንጎው ከታች፣ አቮካዶው ከላይ መሆን ነበረበት። ጁስ ቤቶቹ ግን አብዛኛውን ጊዜ አቮካዶውን ከታች ያደርጉታል፤ እሱም ሽቅብ ለመውጣት ሳይሞክር ብርጭቆው እስኪያልቅ ቦታው ላይ ይቆያል። ሁለተኛው ማስረጃ ደግሞ በዓይን የሚታይ ነው። የአቮካዶውን ክፍል በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ጠጋ ብለው ቢያዩት መፍጫው ያስገባቸው ጥቃቅን የአየር አረፋዎች ባሉበት ተቀርቅረው ይታያሉ። አየር ከማንኛውም ፈሳሽ የቀለለ ነው፤ ለስላሳ መጠጥ ውስጥ ቢሆን በአፍታ ወደ ላይ ተግተልትሎ ባለቀ። እዚህ ግን የሚያሳልፈው አላገኘም። አረፋን ማሳለፍ ያልፈቀደ ነገር ማንጎንም አያሳልፍም።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌ ከሩቅ መፈለግ አያስፈልግም፤ የጉራጌ ማድ ቤት ውስጥ አለ። እንሰት ተፍቆ ሲጨመቅ የሚወጣው ነጣ ያለ ፈሳሽ ተቀምጦ ሲያድር ቡላው ከታች ይዘቅጣል፣ ውሃው ከላይ ይቀራል፤ ውሃው ተደፍቶ ቡላው ይወሰዳል። ይህ ክብደት ብቻውን የሚሠራው ሥራ ነው፤ ፈሳሹ ቀጭን ስለሆነ ከባዱን የሚያግደው የለም። ያው ቡላ ግን እሳት ላይ ሆኖ ገንፎ ሲሆን ሌላ ነገር ይሆናል። መሃሉ ላይ በማንኪያ ጉድጓድ ተበጅቶ ቅቤ ይፈስበታል፤ ጉድጓዱ አይደፈንም፣ ቅቤውም ወደ ዳር አይሾልክም። ገንፎው ከቅቤው ይክበድ ወይም ይቅለል ማንም አይጠይቅም፤ ጥያቄው ስለማይነሣም አይደለም፣ መልሱ ምንም ስለማይለውጥ ነው። በሁለቱ መካከል የተለወጠው ዱቄቱ ሳይሆን ውሃው የተያዘበት መንገድ ነው። በጥሬው ቡላ ውስጥ ውሃው ነፃ ነበር፣ በገንፎው ውስጥ ታስሯል። የፍራፍሬ ስፕሪስ እንግዲህ ከቡናና ሻዩ ይልቅ ለገንፎው ይቀርባል።

ሳይንሱም ይህን ልዩነት ስም ሰጥቶ ለይቶታል። እ.ኤ.አ. በ1919 ዩጂን ቢንግሃምና ሄንሪ ግሪን የተባሉ አሜሪካውያን ስለ ቀለም ቅብ ባወጡት ጽሑፍ፣ ቀለም ዝም ብሎ ወፍራም ፈሳሽ ሳይሆን ከዚያ የተለየ ነገር መሆኑን ተከራክረዋል። ወፍራም ፈሳሽ፣ ለምሳሌ ማር፣ ዘገምተኛ ይሁን እንጂ ጊዜ ከተሰጠው ይፈሳል፤ የተዘነበለ የማር ማሰሮ ውሎ አድሮ ባዶ ይሆናል። ግድግዳ ላይ የተቀባ ቀለም ግን የሚገፋው ኃይል ከአንድ ልክ በታች ከሆነ ጭራሽ አይፈስም። ከዚያ ልክ ሲያልፍ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ በቡርሽ ሲገፋም የሚለሰልሰው ለዚህ ነው። በደንብ የተፈጨ አቮካዶም እንደዚሁ ነው፦ በማንኪያ ሲያማስሉት ይታዘዛል፣ ሲተዉት ይቆማል። በማንጎውና በአቮካዶው መካከል ያለው የክብደት ልዩነት ከዚያ ልክ በታች የሆነ ትንሽ ግፊት ነው፤ ድንበሩን መስበር አይችልም። የሚሰብረው የእኛው እጅ ነው፦ ከከፍታ መድፋት፣ ማማሰል፣ ወይም ውሃ ማብዛት።

«እንግዲህ ውፍረት ማለት ደረቅነት ነው፤ ውሃ ያነሰው ፍሬ ይቆማል፣ የበዛው ይፈሳል» የሚል ሰው ሊነሣ ይችላል። ለአቮካዶ ይህ ያስኬዳል፤ ውሃው ከመቶ 73 እጅ ገደማ ብቻ ነው። ፓፓያና አናናስ ላይ ሲደርሱ ግን ይፈርሳል። ፓፓያ ከመቶ 88 እጅ ገደማ ውሃ ነው፣ አናናስ 86። አናናሱ ደረቅ በመሆኑ ይበልጥ መቆም ነበረበት፤ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። የተፈጨ ፓፓያ ማንኪያ ላይ ክብ ብሎ ሲቀመጥ፣ የተፈጨ አናናስ ጭማቂውና አሠሩ ተለያይቶ ጭማቂው ይንዠቀዠቃል፣ ከበታቹ ያለውንም ይበክላል። ልዩነቱ ያለው በፍሬው አካል ውስጥ ነው። የበሰለ ፓፓያና ማንጎ ሥጋቸው ለስላሳ ስለሆነ ሲፈጩ ውሃውን እንደ ስፖንጅ ይዞ የሚቀር ደቃቅ ሥጋ ይሰጣሉ። በውስጣቸው ያለው ፔክቲን፣ ማርማላታን የሚያረጋው ያው ንጥረ ነገር፣ በዚህ ያግዛል። አናናስ ግን ቃጫው ጠንካራ ነው፤ ውሃውን አፍስሶ ራሱ ለብቻው ይቀራል። ሐብሐብም ከፓፓያ የሚበልጠው በጥቂት የውሃ እጅ ቢሆንም ብርጭቆ ውስጥ መቆም የሚባል ነገር አያውቅም። ስለዚህ ዋናው የውሃው ብዛት ሳይሆን የውሃው መያዝ ነው። ዘይቱንና ሙዝ ከሚይዙት ወገን ናቸው፤ ብርቱካን፣ አናናስና ሐብሐብ ከማይዙት። ለቤት ስፕሪስ ፍሬ ሲመረጥ ከቀለሙ በፊት ይህን ማየት ይገባል።

እዚህ ላይ ቤት ውስጥ የሚፈጠረው ስሕተት ግልጽ ይሆናል። መፍጫው አቮካዶውን አልፈጭ ብሎ ሲያጓራ፣ ምላጩም ባዶውን ሲሽከረከር፣ የሰው እጅ ወደ ውሃው ይሄዳል። አንድ ብርጭቆ ውሃ ሲጨመር ማሽኑ ይረካል፤ ስፕሪሱ ግን በዚያችው ቅጽበት አልቋል። ነፃ ውሃ ከገባ በኋላ አቮካዶው ከገንፎነት ወደ አጥሚትነት ወርዷል፣ የክብደት ሕግም ተመልሶ ሥልጣኑን ይይዛል፦ ማንጎው ይሰጥማል፣ አቮካዶው ይወጣል፣ መሃል ላይ ይተራመሳሉ። መድኃኒቱ ማሽኑን እያቆሙ በማንኪያ ከግድግዳው ወደ ምላጩ መመለስና ውሃውን በሾርባ ማንኪያ መቁጠር ነው። ለአንድ ብርጭቆ አንድ መካከለኛ የበሰለ አቮካዶ፣ ከሁለት እስከ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ውሃ፣ የግማሽ ሎሚ ጭማቂና አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ይበቃል። ማንጎው በደንብ ከበሰለ ውሃ አያስፈልገውም፤ ቃጫ የሚበዛበት ዓይነት ከሆነ ተፈጭቶ በወንፊት ይለፍ። ፓፓያውም ያለ ውሃ ይፈጫል፤ ከላላ ግማሽ ሙዝ ይጨመርበት እንጂ ሌላ ማወፈሪያ አይፈልግም። ፍተሻው የገንፎው ፍተሻ ነው፦ ከእያንዳንዱ አንድ ማንኪያ ሳሕን ላይ አድርጎ መሃሉን በጣት መስመር ማስመር። አሥር እስኪቆጠር መስመሩ ካልተዘጋ ይቆማል። ቶሎ ከተዘጋ ሙዝ ይጨመርበት፣ ወይም ለብቻው ይጠጣ።

ቅደም ተከተሉም ከዚሁ ይመጣል። በጣም የወፈረው ከታች ይሁን፤ ክብደቱ ምንም ይሁን ምን፣ የላይኛውን የሚሸከም ወለል እሱ ነው። ወፍራሙ ከቀጭኑ በላይ ቢፈስ ግን እብጥ እብጥ እያለ ይሰጥማል። ቀጣዩ ሲጨመር ማንኪያው በብርጭቆው ግድግዳ ላይ ጀርባውን ወደ ላይ ተደግፎ፣ ጁሱ በጀርባው ላይ ተንሸራቶ ይውረድ፤ የሚወርድበት ቁመት ባነሰ መጠን የሚገፋው ኃይል ያንሳልና። ቪምቶ የሚወድ ሰው የመጨረሻውን ፍተሻ በነፃ ያገኛል። እ.ኤ.አ. በ1908 ማንቸስተር ላይ የተፈለሰፈው ይህ ቀይ ሽሮፕ ስኳር የተሸከመ በመሆኑ ከሦስቱም ፍሬዎች ይከብዳል። በክብደት ቢሆን ኖሮ ቀጥ ብሎ ወደ ብርጭቆው ታች በወረደ ነበር። በደንብ በወፈረ ስፕሪስ ላይ ግን ፊቱ ላይ ይተኛል፣ ወይም በብርጭቆው ግድግዳ በኩል ክፍተት ካገኘ እንደ ቀይ ክር ይወርዳል። ውሃ በበዛበት ላይ ከሆነ ጠልቆ ሁሉንም ያቀላዋል።

ጠንካራው ተቃውሞ «ሆድ ገብቶ ለሚደባለቅ ነገር ይህ ሁሉ ልፋት ለምን?» የሚለው ነው። መልሱ መጀመሪያ ከምላስ ይመጣል። አቮካዶ ቅባቱ አፍን ይሸፍናል፤ ከማንጎና ከፓፓያ ጋር አብሮ ከተፈጨ የሁለቱን ጣዕም ደፍኖ ራሱ ብቻ ይቀራል። ተለይተው ሲቀመጡ ግን ማንኪያው እንደ ጠለቀበት መጠን እያንዳንዱ ጉርሻ ሌላ ይሆናል፤ በላተኛው ራሱ ይመጥናል። ለሁለተኛው መልስ ይበልጥ ክብደት እሰጣለሁ። የተደባለቀ ጁስ ምን ያህል ውሃ እንደገባበት አይናገርም፤ ስፕሪስ ግን ይናገራል። ውሃ የበዛበት አይቆምም፣ ስለዚህ የቆመ ድንበር ለከፈለው ሰው በዓይኑ የሚያነበው ምስክር ነው። ምስክርነቱ ግን ልክ አለው፤ ስለ ውፍረት እንጂ ስለ ንጽሕና አይናገርም። ያልታጠበ ፍሬ፣ ያልፈላ ውሃ፣ ሳይታጠብ የዋለ መፍጫም ያማረ ስፕሪስ ይሠራል። ቤት መሥራት የሚመረጥበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ሁለቱ ከተሞች ባሉበት 2,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ሦስት ደቂቃ ከተንተከተከ በሽታ አምጪ ጀርሞችን ለመግደል ይበቃል። ለስፕሪስ የሚያስፈልገው ጥቂት ማንኪያ ብቻ በመሆኑ አፍልቶ ማቀዝቀዝ የሚያደክም ሥራ አይደለም።

«መብራት በሚጠፋበት ከተማ ማሽን ያለው ነገር አይታመንም» ለሚልም መልሱ ከክርክሩ ውስጥ ይወጣል። ውፍረት ከሆነ የሚፈለገው፣ ሹካ ከመፍጫ አያንስም። በሹካ የተደቆሰ አቮካዶ ውሃ አይጠይቅም፤ በወንፊት ላይ በማንኪያ የታሸ ማንጎና ፓፓያም ልስልስ ብሎ ይወርዳል። ስኳሩ ሌላ ነገር ነው፤ «ስኳር ይበዛበታል» የሚሉ ተቃዋሚዎች እዚህ ላይ ትክክል ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በቀን የሚወሰደው ነፃ ስኳር ከጠቅላላው ኃይል ከመቶ 10 እጅ እንዲያንስ፣ ቢቻል ከ5 እጅ እንዲወርድ ይመክራል፤ የኋለኛው ለአዋቂ ሰው 25 ግራም ገደማ ነው። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ስኳር ወደ 37 ግራም ይደርሳል፤ አንድ ብርጭቆ ላይ ይህን ያህል ማድረግ የቀኑን ድርሻ ማለፍ ነው። በክብደት ሕግ የሚያምን ሰው ስኳር የሚጨምረው ከታች እንዲቆም ሲል ጭምር ሊሆን ይችላል፤ ለፍራፍሬው ስፕሪስ ግን ስኳር ምንም ድጋፍ አያደርግም። ቢቀር ከጣፋጭነቱ በቀር የሚጎድል የለም።

ይህ ክርክር በወልቂጤና በቡታጅራ የበለጠ ትርጉም የሚኖረው በጾም ምክንያት ነው። ሙስሊሙና ኦርቶዶክሱ ጎን ለጎን በሚኖሩባቸው በእነዚህ ከተሞች ስፕሪስ ሁለቱም ገበታ ላይ ይወጣል፦ በሁዳዴ ከቀትር በኋላ፣ በረመዳን ጀንበር ስትጠልቅ። ወተት ካልገባበት ጾሙን አይነካም፤ ቀኑን ባዶ ለዋለ ሆድም አቮካዶው ቅባት፣ ማንጎው ስኳር ይሰጣል። ሦስቱም ፍሬዎች ከውጭ የመጡ ናቸው። ማንጎ ከእስያ ነው፣ ፓፓያና አቮካዶ ከአሜሪካ፤ አቮካዶ ወደ አገራችን የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 ሐረርጌ ሂርና ላይ በግል አትክልተኞች እጅ እንደሆነ ይጻፋል። ዛሬ በጉራጌ ጓሮ ከእንሰቱና ከቡናው ጋር ተጠጋግቶ የሚበቅል ዛፍ ሆኗል። ዋጋው በወቅቱ ሲረክስ ከገበያ የገባ አቮካዶ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ከሙዝ ጋር ቢቀመጥ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ያፋጥነዋል፤ ከዛፉ ላይ ሳለ ስለማይበስል ጠንካራ ሆኖ መገዛቱ ጉድለት አይደለም። ጠንካራውን ለመፍጨት መታገል ግን ዞሮ ውሃ ወደ ማብዛቱ ይመልሳል።

ሎሚውም ከመጀመሪያው ከአቮካዶው ጋር መግባት አለበት እንጂ ለጌጥ ከላይ መቅረት የለበትም። የተቆረጠ አቮካዶ የሚጠቁረው በውስጡ ያለ ኢንዛይም አየር ሲያገኝ ነው፤ የሎሚው ኮምጣጣነት ያንን ኢንዛይም ያዳክመዋል። የአቮካዶውን ዘር ከተፈጨው ውስጥ ማስቀመጥ ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ የሚከላከለው ግን ከአየር የጋረደውን ቦታ ብቻ ነው። ብርጭቆ ውስጥ ደግሞ አቮካዶው ከታች በመሆኑ ማንጎው ራሱ ክዳን ይሆንለታል። ስፕሪሱ ተሠርቶ እንግዳው ቢዘገይ አረንጓዴው የሚቆየው ለዚህ ነው።

ቢዘገይ የሚሆነው ሌላው ነገር በዓይን አይታይም። የማንጎውና የፓፓያው ቀለም በውሃ የማይሟሟ በመሆኑ ከደቃቁ ሥጋ ጋር ተጣብቆ ባለበት ይቀራል። ስኳርና የሎሚው አሲድ ግን ሟሙተዋልና ወፍራሙ ነገር አያግዳቸውም፤ በደቃቁ ሥጋ መካከል ባለው ውሃ ውስጥ ቀስ እያሉ ይጓዛሉ። በአንድ ሰዓት የሚሄዱት ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ በቀን አንድ ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ማታ ተሠርቶ ያደረ ስፕሪስ ጠዋት ሲታይ ሦስቱ ቀለሞች እንደ ተለያዩ ናቸው፤ ማንኪያ ሲገባበት ግን ከድንበሩ አጠገብ ያለው አቮካዶ ከማታው ይልቅ ጣፍጧል፣ ማንጎውም ሎሚ ሎሚ ይላል።